ቤልግሬድ ላይ ያመለጠኝ ባቡር

ዛግሬብ፣ ኅዳር 24 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ጋሼ ደገፋ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እትዬ ሙሉዬስ? ልጅዎ ጫልቱስ? ስለ ሳል ሕመሜ ስለጠየቁኝ ከእሱ ልጀምር፤ ትቶኛል። የቀረብኝ ድካም ብቻ ነው። ተቀምጦ የሚማር ሰው ምን ያደክመዋል እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እኔም እንቅልፍ ጠግቤ ደክሞኝ ስነሳ ይገርመኛል።

ብርዱን እትዬ ሙሉዬ በገዙልኝ ካፖርት ችዬዋለሁ። የምኖረው ከአንዲት የታንዛኒያ መምህርት ጋር ነው። እሷ በስዋሂሊ፣ እኔ በአማርኛ እናወራለን፤ ሁለታችንም ስለ ቤታችን እንደምናወራ ስለምናውቅ እንግባባለን።

የምትማሪውን በደንብ አልነገርሽኝም ላሉት፣ የትምህርት መርጃ መሣሪያ አዘገጃጀት ይባላል። ካርታ፣ የሰውነት ክፍል፣ የእህል ዓይነት በትልልቅ ወረቀት ላይ መሣል ነው። ናዝሬት አሥራ ሁለት ዓመት ሥዕል ሳስተምር ስሠራው የኖርኩትን ነው፤ እዚህ ቀለሙ ጥሩ ነው። ከአገራችን የመጣነው አምስት ነን። ኃላፊያችን ጓድ ገርባ ይባላሉ። ፓስፖርታችን እንዳይጠፋብን እሳቸው ይዘውልናል።

በጥር መጨረሻ ዋና ከተማውን ቤልግሬድን ያስጎበኙናል። እዚያ የዚህ ዘመን ሠዓሊዎች ሥራ ብቻ የተሰበሰበበት ትልቅ ሙዚየም አለ። ባለቤቴ፣ ወንድምዎ ጆቴ፣ «አንድ ቀን እንዲህ ያለ ቤት አስገባሻለሁ» ይለኝ ነበር። እሱን ካጣነው በታኅሣሥ ስምንት ዓመት ይሞላል። ቀኑን እዚህ ብቻዬን ነው የማሳልፈው፤ እርስዎ መቂ ሆነው ያስቡኝ።

አንድ ነገር ልቤ ውስጥ አለ። የዋስትናውን ወረቀት ሲፈርሙ ጸሐፊው «ካልተመለሰች ግን...» ብሎ ሊያነብልዎ ሲል፣ «ስጠኝ እባክህ፣ መኪና ቆሞብኛል» ብለው ሳይሰሙት ፈረሙ። እኔ ግን ቀደም ብዬ አንብቤዋለሁ። ማንበቤን እንዲያውቁት ብዬ ነው።

አክባሪዎ ዘውድነሽ


መቂ፣ ጥር 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

እህቴ ዘውድነሽ፤

አካም ጂርታ? ፈያዳ? እኛ ደህና ነን። ወገቤ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቲማቲም ስናስጭን ነው። ሾፌሩ ክላክስ እየነፋብኝ ቆሜ አነበብኩት። ማታ ጫልቱ ደግማ አነበበችልኝ፤ እኔ የዘለልኩትን ሁሉ እሷ አገኘችው።

ስለ ቤትሽ እንዳታስቢ፣ ባለፈው ቅዳሜ ናዝሬት ሄጄ አይቼዋለሁ። ጎረቤትሽ ወይዘሮ መሰለች ግቢውን ትጠርገዋለች። አልጋሽን ለጫልቱ አምጥቼላታለሁ። አትቆጪኝ፤ ምስጥ ከሚበላው ብዬ ነው። የስፌት መኪናሽንም ሙሉዬ ወስዳዋለች። የሣልሻቸውን ሥዕሎች ግን ጠቅልዬ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ።

ስለ ሙዚየሙ ያልሽው አልገባኝም። እኔ የማውቀው አዲስ አበባ ያየሁትን ነው፤ አጥንትና የንጉሥ ወንበር። ይሄኛው የቅዱሳን ሥዕል ካልሆነ፣ የመሪ ካልሆነ፣ የምን ነው? ስታዪው ጻፊልኝ። ደግሞ ቀስ ብለሽ እዪ። ሰው ሲቸኩል አብረሽ አትቸኩዪ። እዚህ የሚጠብቅሽ ሥራ የለም።

በታኅሣሥ አስቤሻለሁ። ናዝሬት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሻማ ሰጠሁ፤ አንቺ ብትኖሪ የምትሰጪውን ነው።

ስለ ወረቀቱ ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ። ፈረምኩ፤ አለቀ። ስብሰባ አለብኝ፣ ልሂድ።

ወንድምሽ ደገፋ


ዛግሬብ፣ የካቲት 6 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ደገፋ፤

ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅር ይበሉኝ። የሆነ ነገር ሆኖ ነው፤ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ።

ሙዚየሙ ሁለት ወንዞች ከሚገናኙበት ዳር ብቻውን የቆመ ነጭ ቤት ነው። ዙሪያው በረዶ ነበር። ውስጡ አንዱ ፎቅ ከሌላው ጋር በአጫጭር ደረጃ የተያያዘ ነው። ሲወጡ የወጡ አይመስልዎትም፤ ዞር ሲሉ የመጡበትን ከላይ ሆነው ያዩታል።

የምን ሥዕል ነው ላሉት፣ ቅዱስ የለበትም፤ መሪም የለበትም። አብዛኛው ሰው የሚባል ነገር የለበትም። አንዱ ጋ የዛገ ብረት ተበይዶ ቆሟል። አንዱ ጋ ሸራው ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው። ራህመቶ የሚባል ከሻሸመኔ የመጣ አብሮን የሚማር አስተማሪ እሱ ፊት ቆመና፣

«ይሄንንስ እኔም እሠራው ነበር» አለ።

«ታዲያ ለምን አልሠራኸውም?» አልኩት።

«ማን አዞኝ!» ብሎ ሳቀ።

ሌሎቹ በግማሽ ሰዓት ጨርሰው ጫማ ሊገዙ ወጡ። እኔ ልቅር ብዬ ለመንኩ። ጓድ ገርባ ከባቡሩ በፊት ጣቢያው እንድደርስ አስጠንቅቀው ፈቀዱልኝ። ባቡሩ የሚነሳው በአሥር ሰዓት ነበር።

ላይኛው ፎቅ ላይ አንድ ትልቅ ሸራ አለ። አመድ የመሰለ ግራጫ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ቡናማ ይሆናል። መሐሉን ሠዓሊው በቢላ ፍቆ ፍቆ አንስቶታል፤ በተፋቀው በኩል ከሥር የነበረ ቢጫ ይታያል፤ መዳፍ ቢያህል ነው። ሌላ ምንም የለውም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ስም እንኳ እንዳልተሰጠው ትናገራለች። እግሬ ዝሎ ስለነበር ፊት ለፊቱ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ምን እንደሚል እስካሁን አላውቅም። የሠራው ሰው ግን በጣም ደክሞት እንደነበር አወቅኩ። ደክሞትም አልተወውም።

ጠባቂዋ አሮጊት ናት፤ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፤ እግሯ አብጦ ጫማዋን ግማሽ ነው ያደረገችው። ብዙ ስቀመጥ ጊዜ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እነሱ አገር በለቀምኳት ቋንቋ ነው ያወራነው።

«ጥሩ ነው?» አለችኝ፣ ወደ ሸራው እያመለከተች።

«አላውቅም» አልኳት።

«እኔም አላውቅም። አሥር ዓመት ሆነኝ» አለችና ከቴርሞሷ ሻይ ቀዳችልኝ።

ከዚያ የሆነውን እንዴት ልንገርዎ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ሰዓቱ አልፏል፤ ባቡሩም አመለጠኝ። ሁለት ቀን ቤልግሬድ ቆይቼ በሦስተኛው ቀን ዛግሬብ ተመለስኩ። ጓድ ገርባ በጣም ተቆጥተዋል፤ እውነታቸውን ነው።

ስለ እኔ ወደ አገር ቤት ቴሌግራም ተልኳል ሲሉ ሰምቻለሁ። የደረሰብዎት ነገር ካለ፣ ጋሼ ደገፋ፣ እባክዎ አይደብቁኝ።

ዘውድነሽ


መቂ፣ መጋቢት 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

እህቴ ዘውድነሽ፤

ምንም አልደረሰብኝም። የዘገየሁት ለወገቤ ሶደሬ ፍል ውኃ ሄጄ ነው። አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ሰው ይበዛበታል፤ የምንተኛበት ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ሙሉዬ ምግብ ታመላልስልኝ ነበር። ስመለስ ጺሜን አይታ ጫልቱ አላወቀችኝም።

ደብዳቤሽን ስመለስ አገኘሁት። አሮጊቷን ወደድኳት። አሥር ዓመት አንድ ነገር ፊት ተቀምጦ አላውቅም ማለት ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሙዚየሙ እንደዚያ ካስደሰተሽ ለምን በሁለት ቀን ተመለስሽ? ሁለት ቀን የቆየ ሰው ሦስት ቀን ምን ያቅተዋል? መልሱን በፖስታ እንዳትልኪው። ሰው ካገኘሽ ላኪልኝ፤ ካላገኘሽ ይቅር።

ሽንኩርቱ ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ ዝናብ አልመታውም። እኔ ነኝ የደከምኩት።

ደገፋ


ዛግሬብ፣ መጋቢት 27 ቀን 1978 ዓ.ም.

ጋሼ ደገፋ፤

ይህን የሚያደርስልዎ ያ የነገርኩዎ ራህመቶ ነው። ኩላሊቱን አሞት ትምህርቱን አቋርጦ መመለሱ ነው። ካልሲው ውስጥ አድርጎ እንደሚያደርሰው ስለማለልኝ እንደልቤ እጽፋለሁ።

ሶደሬ አልሄዱም። ናዝሬት የምትሠራው የራህመቶ ባለቤት በጻፈችለት ደብዳቤ ዘወር አድርጋ ነግራዋለች። አሥራ አንዱን ቀን የት እንደነበሩ አውቄአለሁ። ይቅርታ የሚለውን ቃል እዚህ ቦታ ጽፌ አራት ጊዜ ሰረዝኩት፤ አነሰብኝ።

እኔም ዋሽቼዎታለሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሙዚየሙ ውስጥ የቀረሁት ሰው ልጠብቅ ነው። ፋዲላ የምትባል የሐረር ልጅ ቤልግሬድ ሕክምና ትማራለች። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሥዕሎቹ መሐል ልታገኘኝ ተቀጣጥረን ነበር። ፓስፖርቴ በገርባ ኪስ ስለሆነ፣ በእግር ወደ ጣልያን የሚያሻግር ሰው አግኝታልኛለች። ስለ ሸራውና ስለ አሮጊቷ የጻፍኩልዎ ግን አንድም ውሸት የለበትም። ፋዲላ እስክትመጣ ስጠብቅ ነው ያየሁት።

ለምን ይሉኝ ይሆናል። ናዝሬት ላይ ለመስከረም ሁለት በዓል እነዚያን ሦስት ጺማም የውጭ አገር ሰዎች አቡጀዲ ላይ ስሥል አሥረኛ ዓመቴ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ጺማቸውን እሥላለሁ። ባለፈው ነሐሴ ለራሴ አንድ ነገር ልሣል ብዬ ወረቀት ዘርግቼ ተቀመጥኩ። እጄ ጺም ጀመረ። ያን ቀን ነው ያመረርኩት።

ባቡሩ ሲሄድ እኔ ፋዲላ ክፍል ውስጥ ሆኜ ሰዓቱን አየሁት። አሻጋሪው ከሁለት ቀን በኋላ ይመጣል ተባለ። ሁለቱን ቀን እህል አልወረደልኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካፖርቴን ለበስኩ።

«ወዴት ነው?» አለችኝ ፋዲላ።

«ልመለስ ነው። ዋሴን ያስሩታል።»

«ሲፈርም አላወቀም ብለሽ ነው? ሰውዬው እኮ ልጅ አይደለም።»

«አያውቅም። ሳይሰማ ነው የፈረመው።»

«እሺ፣ አይወቅ። አሁን ብትመለሺ እስካሁን ያላሰሩት ይመስልሻል?» አለችኝ። የካፖርቴን ቁልፍ ቆለፍኩ። እሷ ግን አለቀሰችና ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ።

ልክ ነበረች። ተመልሼም አላዳንኩዎትም። አንዳንድ ቀን በመመለሴ እቆጫለሁ፤ ሌላ ቀን ደግሞ በመሄዴ እቆጫለሁ። ገርባ ሪፖርቱን ልኳል። ግንቦት መጨረሻ ላይ እገባለሁ። የሚሆነውን እናያለን።

ቢቆጡኝም ይጻፉልኝ።

ዘውድነሽ


መቂ፣ ግንቦት 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ዘውድነሽ፤

ይህን የሚያመጣልሽ የዚያው ያለሽበት አገር ሰው ነው። ዝዋይ በኩል መስኖ ይሠራል፤ ቲማቲም ከእኔ ነው የሚገዛው። ለዕረፍት ወደ አገሩ መሄዱ ነው። አማርኛ ስለማያነብ ጥሩ ፖስተኛ ነው።

ተቆጥቼሻለሁ። ራህመቶ ወረቀትሽን ሰጥቶኝ ከሄደ በኋላ ሦስት ቀን ገበያ አልወጣሁም። ሙሉዬ «ምን አለች?» ስትለኝ «ደህና ናት» አልኳት።

ያች ፋዲላ ያልሻት ልጅ ልክ ናት። አውቄ ነው የፈረምኩት። ጸሐፊውን ያቋረጥኩት አንቺ እንዳትሰሚው ብዬ ነው፤ አንብበሽው ኖሯል። አልጋሽን ያነሳሁት፣ የስፌት መኪናሽን ያስወሰድኩት፣ አትመለሺም ብዬ ነው። ንብረትሽን ይወርሱታል ብዬ ነው። ደንበኞቼን ሁሉ አንድ በአንድ ለሾፌሬ ለኢተፋ አስተዋውቄ ጨርሼ ነበር። ዓመት ይይዙኛል፣ ከዚያ ይሰለቻቸውና ይለቁኛል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ሲይዙኝ ሰውየው «የት ሄደች?» አለኝ።

«እኔ የሽንኩርት ደላላ ነኝ። የት አውቄ» አልኩት።

«ዋሷ ነህ!»

«አዎ፣ ነኝ» አልኩት። እንዲህ ብዬ መመለስ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም። ወገቤ እየቆረጠመኝ ሲሚንቶው ላይ እንደ ሕፃን ተኛሁ። በየቀኑ ይህን ጊዜ ይህን ያህል ርቃለች እል ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን «ተገኝታለች፣ ውጣ» አሉኝ። ሙሉዬ በሩ ላይ እልል አለች። እኔ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ከደስታ የመሰላቸው ሰዎች ደግፈው መኪና ላይ ጫኑኝ።

ለምን እንዲህ ሆንክ ትዪኝ ይሆናል። ይህን ለሙሉዬም ነግሬያት አላውቅም።

ጆቴ በተያዘ ጊዜ፣ በዚያ በሰባ ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ፣ ሐሙስ ጠዋት መቂ ድረስ ሰው መጣብኝ። «ንብረት ያለው ዋስ ከመጣ ይለቁታል፣ ዛሬውኑ ናዝሬት ድረስ» አለኝ። መኪናው ተጭኖ ቆሟል። ሽንኩርቱ ረጥቦ ነበር፤ ከዋለ ይበሰብሳል። አዲስ አበባ አራግፌ በናዝሬት እመለሳለሁ በለው አልኩት። አንድ ቀን ምን አላት አልኩ። አዲስ አበባ ገበያው ጨናንቆን አርብ ሳናራግፍ ዋልን። ናዝሬት የደረስኩት ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። አርብ ወስደውታል። ለአንቺ የነገርኩሽ «ሳልሰማ ቀረሁ» ብዬ ነው። ሰምቼ ነበር።

ስለዚህ አምና መጥተሽ «ይፈርሙልኛል ወይ?» ስትዪኝ ብዕሩን ከእጅሽ የነጠቅኩሽ፣ አንዴ እንኳ በሰዓቱ ልፈርም ብዬ ነው። አንቺ ደግሞ ተመለስሽብኝ። ምን ልበልሽ?

አሁንም መንገድ ካለሽ ሂጂ። ከሌለሽም ይቅር በዪኝና ነዪ።

ደገፋ


ናዝሬት፣ ሰኔ 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ደገፋ፤

ይህን በኢተፋ እጅ ልኬዋለሁ። እሱ መኪናውን አቁሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ ፊደሌ ቢያስቸግርዎ ይቅር ይበሉኝ።

ከገባሁ ሃያ ቀኔ ነው። ራሴ መቂ ያልመጣሁት ነገሩ እስኪያልቅ ከከተማ እንዳልወጣ ስለታዘዝኩ ነው። ስድስት ቀን ጠየቁኝ። ስለ ሙዚየሙ ነው የጠየቁኝ፤ ያው ስለ ሙዚየሙ። «ስድስት ሰዓት ሙሉ ሥዕል የሚያይ ሰው አለ?» ይለኛል አንዱ። «አለ» እለዋለሁ። ይጽፋል። በማግሥቱ ያንኑ ይጠይቀኛል። እንቅልፍ ወሰደኝ ከሚለው ቃሌ ሳልወጣ ስለቀረሁ እነሱም ደከማቸው መሰለኝ። ትናንት ውሳኔው መጣ። ከማስተማር ተነስቼ ሁሩታ አንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኛለሁ። ሐምሌ ሲገባ እሄዳለሁ። ለመስከረሙ በዓል የሚሥል ሌላ ሰው ይፈልጋሉ፤ ይህን ስሰማ ፊቴን አዙሬ ነው የሳቅኩት።

ስለ ጆቴ የጻፉልኝን እዚያው ዛግሬብ አንብቤ አቃጥዬዋለሁ። ጋሼ ደገፋ፣ አውቅ ነበር።

ሐዲስ የሚባል የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ አብሮት ታስሮ ነበር። በሰባ አንድ ሲፈታ ቤቴ መጣ። ጆቴ ሐሙስ ማታም፣ አርብ ጠዋትም «ወንድሜ ሰምቷል፤ ሽንኩርቱን አራግፎ ይመጣል» ይል እንደነበር ነገረኝ። ስሙ ተጠርቶ ሲወጣ እንኳ ዋሱ የመጣለት መስሎት ጫማውን አጥብቆ አስሮ ነው የወጣው። ተቀይሞ ነበር ወይ ብዬ ሐዲስን ደጋግሜ ጠየቅኩት። አልተቀየመም። ሽንኩርት እንደማይቆይ ያውቃል።

የተቀየምኩት እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት መቂ ሳልመጣ የከረምኩት ሐዘን ጠንቶብኝ መሰለዎት። እርስዎን ማየት አቅቶኝ ነው። በኋላ የመጣሁት ከእርስዎ በቀር የጆቴን ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ ሰው ስላጣሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ማዕድዎ ላይ ተቀመጥኩ። ሁልጊዜ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ በልቼ እሄዳለሁ። አልተቀየመም የሚለውን ብነግርዎ መዘግየትዎን እንዳወቅኩ ያውቃሉ ብዬ ፈራሁ። እርስዎም ለካ ሳልሰማ ቀረሁ እያሉኝ ያንኑ ነገር ተሸክመው ነበር የኖሩት።

ቤልግሬድ ለፋዲላ ስለ ፊርማው ነው ያልኳት። ግማሹ እሱ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ከሄድኩ ይህን ሳልነግርዎ መቅረቴ ነበር። በስልክ አይነገር፣ በፖስታ አይላክ። ተመልሼ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ ብዬ መጣሁ፤ ይኸው አሁንም አቅቶኝ ጻፍኩት።

ሁሩታ ከመሄዴ በፊት ይምጡ። ቅዳሜ ቢሆን እወዳለሁ። ሲመጡ ስለዚህ ነገር ምንም አይበሉኝ፤ እኔም አልልዎትም፤ ተባብለን ጨርሰናል። እራት እንበላለን። ከዚያ ወገብዎን ያሳርፉ፤ የፈለጉትን ያህል ይተኙ፤ እኔ አልቀሰቅስዎትም።

እህትዎ ዘውድነሽ